ጠፋህ

ናሙር፣ በሜዝ ወንዝ ዳር።
እኅት አልደጎንድ፣ የገዳሙ ኅብስት ጋጋሪ።

ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ምድጃውን ስጭር፣
ሜዝ ወንዝ ከግንቡ ሥር በውርጩ ሲታሰር፣
ዱቄትና ውኃ፣ እርሾ ያልጎበኘው፣
በጋለ ብረት መሐል ሲጮህ የማገኘው፣
ስስ ኅብስት ይወጣል፣ እንደ ጥፍር የነጣ፤
ላዩ ላይ ተሰቅለሃል፤ ድምፅህ ግን አልመጣ።

ያኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አዲስ ሙሽራ፣
ትመጣ ነበረ ሳትጠራ፣ ያለ ተራ፤
ልብስ ሳጥብ፣ ሽንኩርት ስልጥ፣ ደረጃ ስጠርግ፣
ምላሴ ላይ ማር አለ፣ ደረቴ ውስጥ ሠርግ።
እመምኔቷ ጠርተው «ቀስ በይ ልጄ» ቢሉኝ፣
ሣቅና እንባ ተጋግዘው ከመዝሙር አስጣሉኝ።

ከዚያ የሉቃስ ዕለት፣ በዳዊት መሐል፣
ግራው ወገን አዚሞ ቀኙ ሊቀበል ሲል፣
ጠፋህ።

ነፋስ አልነበረም፣ መቅረዝ አልተነካ፣
እንደ ጧፍ ነው የጠፋህ፣ ጢስ እንኳ ሳትተካ።
ዐሥራ አንድ ክረምት አለፈ፤ ቁጥሩን የያዝኩት እኔ፤
አንተማ ዘላለም ነህ፣ ምን ታውቃለህ ስለ ቀኔ።

አባ ጊስላን አዘዙ፦ «ጻፊልኝ ነፍስሽን፣
ጨለማውን በልኩ፣ ጭላንጭል ካለ እሱን።»
ወረቀትም ሰጡኝ፣ የዝይ ላባም ቀርጸው፤
ሌሊቱን ሙሉ ታግዬ ይህን ሰጠኋቸው፦

ሰኞ። ነጭ ዱቄት፣ ሦስት ቁና። የጉድጓዱን በረዶ በመጥረቢያ ሰበርኩ።
ማክሰኞ። ትልልቁ ኅብስት አርባ፣ ትንንሹ ስድስት መቶ። ግራ እጄ ተቃጠለ።
ረቡዕ። እንደ ማክሰኞ። እርሱ አልመጣም።
ኀሙስ። እንደ ረቡዕ።

«ይኼማ የዱቄት ነው፤ የነፍስሽስ ሒሳብ?»
«እሱው ነው አባቴ፣ ሌላ የለኝ የሚነበብ።»

እኅት ዎድሩ ከጎኔ በተመስጦ ስትነጠቅ፣
ትንፋሿ ተቋርጦ ፊቷ እንደ በረዶ ሲደምቅ፣
እኔ የማየው ጫማዋን ነው፤ መጠገን ይፈልጋል።
ቅናት ይሁን ርኅራኄ፣ እሱንስ ማን ይለያል?

ሌሊት ሌላ ድምፅ አለ፣ ያንተ ያልሆነ ድምፅ፤
«ስምሽ የለም» ይለኛል፣ «በመጽሐፉ ገጽ፤
ሳይፈጠር ዓለሙ፣ ሳይዘረጋ ሰማይ፣
ተቆርጠሽ ወድቀሻል፣ ከክቡ ዳር ላይ።»
አምነዋለሁ። እኔስ በየቀኑ ያንኑ አደርግ የለ?
መሐሉ ለመሠዊያ፣ ጠርዙ ተገለለ።
ያው አንድ ሊጥ ነበር፣ ያው እሳት የነካው፤
ክቡ ሥጋህ ይሆናል፤ ጠርዙን ማን ባረከው?

ጠርዙን ግን ሰብስቤ በሚሽከረከረው
የደጃፍ መስኮት ላይ ለልጆች ነው የማኖረው፤
ጦር አባት የነሣቸው፣ ወረርሽኝ እናት፤
ፊታቸውን አላውቅም፤ የማየው ጣት ነው፣ ጣት።

ባለፈው ዐሥር ቀን ትኩሳት ጥሎኝ ከርሜ፣
ያን መስኮት ባዞረው በተረፈች ዐቅሜ፣
ማሮይ ናት፣ ታፏጫለች፣ የፊት ጥርስ የሌላት፣
«እማሆይ፣ ጠፋሽ እኮ!» አለችኝ። ቂም የላት።
ለካ ዐሥሩንም ቀን መጥታ ነበር ማልዳ፣
ዝግ መስኮት ፊት ቆማ፣ ደጄን ሳትከዳ።

ዛሬ ብረቱ ሲግል ሳላስበው ወጣኝ፤
ጸሎት እንኳ አይደለም፣ ቃሏ ነው ያመለጠኝ፦
«ጠፋህ እኮ።»
አልኩህ፣ ገበያ መንገድ ላይ ጎረቤቱን እንዳገኘ ሰው።

ጠፋህና ጠፋሁ፣ አንዲት ጭረት ናት ልዩነቱ፤
እኔ አላውቀውም የቱ እንደሆነ እውነቱ።
ሲኦልም ብወርድ ያው፣ እሳት እዚያም አለ፤
ኅብስት ጋግሬ እልካለሁ፣ ዱቄት ከታደለ።

ዓርብ። ዱቄት ሁለት ቁና። ኅብስት አራት መቶ።
ጠርዝ፦ ለማሮይ፣ ሁለት እፍኝ።
እርሱ አልመጣም።
መስኮቱን ከፍቼ ተውኩት፤ ውርጭ ገባ።